ተራሽ ተቀምጦልሻል

ደባርቅ ውስጥ በቅሎ ያለው ሰው ሁሉ አባቴን ያውቃል። አባቴ ግን በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም። ሥራቸው ተራ ማስከበር ነበር፤ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ጓዙን የማን በቅሎ እንደሚጭን፣ ማንስ እንደሚነዳ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ይወስኑ ነበር ማለት አይቻልም፤ ተራው የማን እንደሆነ ያስታውሱ ነበር ብል ይሻላል። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። እዚያች ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ደብተሩን ሲገልጡት ያየሁት ግን ከስንት አንዴ ነው። ነገሩ ሁሉ በቃላቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ያቺን ወንበር ባዶ ያደረግኋት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጎንደር ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ቤት ተቀምጬ ከረምኩ። ሲከፈት አዲስ አበባ ካለ አንድ ትንሽ ድርጅት ሥራ አገኘሁ፤ ደባርቅ ተቀምጬ የምሠራው። ሥራው ሲያወሩት ይከብዳል እንጂ ቀላል ነው። አስጎብኚዎቹ እንግዳ ሲኖራቸው መልእክት ይልካሉ፤ ግን ሁሉም በየራሱ መልክ ነው የሚጽፈው። አንዱ ቀኑን በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሌላው በእኛ። አንዱ የሻንጣውን ብዛት ይልካል፣ ሌላው ክብደቱን። ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ አንድ መልክ ይዞ፣ ተራው ለደረሰው ባለበቅሎ ስልክ መላክ አለበት። ድሮ ይህን ለመሥራት ኮድ የሚጽፍ ሰው ይፈለግ ነበር። እኔ የተሰጠኝ መሣሪያ ግን ሥዕል ነው። በግራ በኩል የሚመጣው መልእክት በትንንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ይቆማል፤ በቀኝ በኩል የባለበቅሎዎቹ ማኅበር ዝርዝር እንዲሁ በሣጥን በሣጥን ይቆማል። ከግራው ሣጥን ወደ ቀኙ ሣጥን መስመር መሳብ ነው፤ ከተስማማ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። መሀል ላይ ደግሞ ደንብ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ጭነቱ ለአንድ በቅሎ ከበዛ ሁለት ይጠራ፤ መነሻው ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃ በር ሰፈር ከሆነ እዚያ ያሉት ይጠሩ፤ የተጠራው ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው ይለፍ፣ ያልመለሰውም ጭራ ይሁን።

«ኮድ ድሮ ቀረ፤ አሁን ሥለሽ መሄድ ነው» ይለኝ ነበር አለቃዬ። ደባርቅን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ፣ ቀና ወጣት ነው። እኔም መስመር ስቤ አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ስንት ዓመት ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ ሲያገኝ እንዲህ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ እሱ የፈጠረው ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ጠየቅኋቸው።

«አባዬ፣ ተራው የሚሄደው እንዴት ነው?»

«በተራ ነዋ!»

«ደንቡን ነው የምልዎት። አንድ ሰው ተጠርቶ ቢቀርስ?»

«ለምን ቀረ?»

«ለምንም ይሁን።»

«ለምንም የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ሰክሮ ነው የቀረ? የበቅሎዋ ጀርባ ቆስሎ ነው? ሌላ ሥራ ይዞ ነው? እኮ ለምን?»

የእኔ ሥዕል ውስጥ «ለምን» የሚባል ሣጥን አልነበረም። አባቴ ግን ተመቻቹና አንድ በአንድ ነገሩኝ። የሰካራሙ ተራ ይቃጠላል፤ ጭራ ይሄዳል፤ ይሳቅበታልም። በቅሎው የቆሰለችበት እስክትድን ይጠበቃል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ያዘነ ሰው ግን ተራው አይቃጠልም። ይቀመጥለታል። ክርስቲያንም ይሁን እስላም ሐዘን ሐዘን ነው። እስከ አርባው ድረስ ማንም አይነካበትም። አርባውን አውጥቶ ሲመጣ ከፊት ይቆማል። እኔ ይኼን ሥራ ከያዝሁ ወዲህ በሐዘን ላይ ተራው የተቃጠለበት ሰው የለም። አንድም።»

ጻፍኩት። የኮምፒውተሩ ማያ ፊት ስቀመጥ ግን መስመሩን ከየት እንደምስበው አጣሁ። አስጎብኚ በሚልከው መልእክት ውስጥ የባለበቅሎ ሐዘን ከየት ይመጣል? ለአለቃዬ ደወልኩለት። «ልዩ ሁኔታዎችን በሁለተኛው ዙር እናያቸዋለን» አለኝ። እሺ አልኩ። ከወረቀቱ ግርጌ «ሐዘን፦ በኋላ» ብዬ ጻፍኩና አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ወረቀት አሁን ሳየው ደሜ ይፈላል፤ በአለቃዬ አይደለም፣ በራሴ ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ባለበቅሎዎቹ አዳራሽ ተሰብስበው ሥራው ተመረቀ። የሙከራ መልእክት ላክሁ። ስልኮቹ በየኪሱ ተራ በተራ መጮህ ሲጀምሩ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አንድ ቀጭን፣ ተጫዋች ሰውዬ ነበር፤ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ያለው። የእሱ ስልክ ጥሪ የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው። ዶሮው ሲጮህ ተነሥቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «እንግዲህ አውራ ዶሮዬ ሲጮህ በቅሎዬ ትነሣለች!» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለአባቴ አዲስ ጋቢ አለበሷቸውና «ከእንግዲህ ይረፉ» አሏቸው። አባቴ አመሰገኑ። ሁለት ቀን ቤት ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስልኩን እያየ ነው የሚያልፈው።

መስከረም ላይ ያ ተጫዋች ሰውዬ በሦስት ቀን ሕመም ሞተ።

ሚስቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት። የቀሯት ሁለት ትንንሽ ልጆችና በቅሎዋ ናቸው። ተራው ደግሞ ደርሶ ነበር፤ ከፊቱ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ተመናምኗል፤ የባለበቅሎው ዝርዝር ግን ረጅም ነው። አንድ ሰው በአንድ በጋ አንድ ጊዜ ቢጠራ ዕድለኛ ነው። ተራው የተቃጠለበት ደግሞ ለከርሞ ነው። ለከርሞ እስኪደርስ በቅሎ ይበላል፣ ልጅ ይበላል።

ከቀብር መልስ ልቅሶ ቤት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል፤ ቄሱ ጸሎተ ፍትሐቱን ጨርሰው ገና ውኃ መጎንጨታቸው ነው። በዚህ መሀል አውራ ዶሮ ጮኸ። የሟቹ ስልክ ነው፤ ያልሰማ ሰው ደውሎ። ዶሮው ጮኸ፣ ጮኸ። እትዬ ተነሥታ ስልኩን ከመደቡ ላይ አነሣችው፤ አጠፋችው፤ ወደ ጓዳ ገብታ ሣጥን ውስጥ ከታ ስትቆልፍበት ቁልፉ ሲንቋቋ ሰማን።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያ ነገርሽ፣ ያዘነ ሰው ያውቃል?»

አያውቅም ማለት ነበረብኝ። ሰው ከብቦናል፤ ሊቀ መንበሩ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ያን ሁሉ ጭብጨባ ያገኘሁበት ነገር ያዘነን ከሰከረ እንደማይለይ መናገሩ አሳፈረኝ። ደግሞ ሰኞ አስተካክለዋለሁ አልኩ በሆዴ። ገና አርባ ቀን አለ አይደል?

«ያውቃል» አልኳቸው።

አባቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። እትዬ ከጓዳ ስትመለስ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያ ዝግ ባለው አነጋገራቸው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ የሱ ተራ ያንቺ ነው። አርባውን እስክታወጪ ተራሽ ተቀምጦልሻል። ማንም አይነካብሽም። ይኼን እኔ ነኝ ያልሁሽ።»

ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

ሰኞ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አዲስ አስጎብኚ ስለተመዘገበ የእሱን ሣጥኖች ከእኛ ሣጥኖች ጋር አገናኚ ተባልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት መብራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ምን እንዳደረግሁበት አላስታውስም፤ ይህ ነው እውነቱ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር፤ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እዘጋዋለሁ።

በዚያው መሀል መልእክቱ መጣ። ሦስት እንግዶች፣ የስምንት ቀን ጉዞ፤ በዚያ በጋ ከመጡት ሥራዎች ሁሉ የተሻለው። መልእክቱ በግራ ገባ፤ ቀኑ ተቀየረ፤ ክብደቱ በበቅሎ ጭነት ተሰላ፤ ሁሉም መስመር አረንጓዴ ሆነ፤ ሄዶ ተራው ወደደረሰው ስልክ ደወለ። ስልኩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። መልእክቱ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ያልመለሰው ጭራ ሆነ። እኔ ያን ቀን ማያውን ከፍቼ ነበር። በቀኑ መጨረሻ የሚመጣውን ማጠቃለያ አይቼዋለሁ፤ «ስሕተት የለም» ይላል። ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

አርባው ወጣ። በማግሥቱ እትዬ ጥቁሯን ለብሳ፣ በቅሎዋን ጭና፣ ጠፍሩን አጥብቃ፣ ወደ አባቴ ወንበር መጣች። ስልክ አትጠብቅም፤ ቃል የሰጧት ሰው አለ።

«አርባውን አወጣሁ። ተራዬን ብዬ ነው» አለቻቸው።

አባቴ ደወሉልኝ። ሮጬ ልመጣ እችል ነበር፤ ክፍሌ ከዚያ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ማያውን ከፈትኩ፤ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድኩ። የሟቹ ቁጥር መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

«ጭራ ላይ ናት» አልኳቸው።

ከስልኩ ውስጥ የበቅሎዋ ልጓም ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

«ያውቃል አላልሽም?»

«አባዬ፣ ላስተካክለው ነበር…»

«እንግዲያው መልሻት።»

ለመመለስ ሞከርኩ። ለአለቃዬ ደወልኩ፤ «በእጅ ቦታ መቀየርማ አይቻልም፤ እኛ የምንሸጠው እኮ ፍትሐዊነት ነው» አለኝ። ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድኩ። ባለበቅሎዎቹ እያንዳንዳቸው ቁጥራቸውን በስልካቸው አይተዋል፤ አንዷን ፊት ባስቀምጥ ሁሉም ወደ ኋላ ይገፋል፤ «ነገር አታምጪብን» አሉኝ ሊቀ መንበሩ። አባቴ ያለ ቁጥር፣ ያለ ስልክ፣ በአንድ ቃል ያደርጉት የነበረው ነገር ሦስት ሰው ተሰብስቦ የማይቻል ሆነ። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም፤ «ሲስተሙ ነው» አልኩ። ሲስተሙ ማለት እኔ ነኝ፤ መስመሮቹን በሙሉ የሳብኳቸው በዚህች እጄ ነው።

ወንበሩ ዘንድ ከነበሩት የፓርኩ ጠባቂዎች አንዱ ነው የሆነውን የነገረኝ። አባቴ ስልኩን ዘግተው እትዬን ቀና ብለው አዩዋትና «የለም። ለከርሞ ነው» አሏት።

«ብለውኝ ነበር» አለች።

«ብዬሽ ነበር» አሉ።

ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተራው በስልክ እንደሆነማ አገር ያውቃል፤ ቃሉን የሰጣት ግን ስልክ አልነበረም። ጠፍሩን እዚያው ፈታች፤ እዚያው ትጣለው ትያዘው ጠባቂው አላየም። በቅሎዋን እየሳበች ወረደች።

ዳሟን በቅሎ የዳባት ሰው ገዛት። ቅዳሜ ገበያ ሰው ሁሉ አይቷል። እትዬ አሁን ከተማው መግቢያ ላይ እየተሠራ ላለ አንድ ሆቴል ድንጋይ ታመላልሳለች፤ ከሌላ ሴት ጋር ባሬላ ተሸክማ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ደብተሩንም አልያዙም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።

እኔ በበኩሌ ሣጥኗን ሠራሁላችሁ። ዛሬ ማያው ላይ «ሐዘን» የምትል ሣጥን አለች፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ምልክት ካደረገባት መስመሩ ያን ሰው ዘሎ ያልፋል፤ ተራውም ይቀመጥለታል። ለመሥራት የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ዳቦ ከሚበላበት አይበልጥም። አለቃዬ በጣም ወደዳት። በኢንተርኔት በተደረገ ስብሰባ ላይ በትልቅ ስክሪን አሳይቷት «ባህልን ያገናዘበ አሠራር» አለና ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ካሜራዬን አጥፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ እሑድ ከአባቴ ጋር ነው የማስቀድሰው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ አባቴ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ ብቅ ስትል ይነሣሉ። በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ» ይሏታል። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። አባቴ መልሰው ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው እሑድ እንዲሁ። የሚያመው ሰው ሰላምታ ሲነፈግ ማየቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ደባርቅ ውስጥ አባቴን ሰላምታ ነፍጓቸው የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ለምን አይነግሯትም? ልጄ ናት ያጠፋችው ለምን አይሏትም?»

ቆም አሉ። በቁጣ እንኳ አይደለም የመለሱልኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ልበላት? ልጄ ዋሸችኝ ልበላት?»

ሳላማክራቸው ማክሰኞ ዕለት ወደ ሆቴሉ ግንባታ ሄድኩ። እትዬ ባሬላውን አስቀምጣ መዳፏን እያሸች ነበር፤ ጥቁሩ ልብሷ በአቧራ ነጥቷል። ከሌሎቹ ራቅ አድርጌ ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ድንኳኑ ውስጥ አባቴ ምን እንደጠየቁኝ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ወረቀቱን፣ መሳቢያውን፣ ማጠቃለያውን። አንድም ነገር አልደበቅሁም። አባቴ ቃላቸውን ያላጠፉ መሆናቸውን፣ ቃላቸውን ያሳጠፍኳቸው እኔ መሆኔን፣ እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አራገፈችው።

«አባትሽ ናቸው የላኩሽ?»

«ኧረ በማርያም! መምጣቴንም አያውቁም።»

«አያውቁም» አለች፤ እንደማመን ሳይሆን ቃሉን እንደመቅመስ። «እኔ እኮ ተራውንም ትቼዋለሁ፤ በቅሎዋም ሄደች፤ ምን አደርጋለሁ። ቃላቸውን ማጠፋቸውንም ሰው ናቸው ብዬ ነበር። በገዛ ልጃቸው ያላክካሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። ያን የመሰሉ ሰው!»

«እትዬ፣ እውነቴን ነው…»

«ሂጅ ልጄ፣ ነውር ነው። አንቺ ምን አደረግሽ» አለችኝና ባሬላውን ልታነሣ ጎንበስ አለች።

የዚያን ሳምንት እሑድ አባቴ እንደወትሯቸው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ መጣች። ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ» አሏት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ አልሳበችም። ቆም ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው፤ ከእግር እስከ ራሳቸው። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

አባቴ እስክትርቅ ድረስ ቆመው ቆዩ። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ከዚያ በጋ ወዲህ አይቼው በማላውቀው ደስታ በርቷል።

«አየሽ? ዛሬ አየችኝ!» አሉ። «ልትታረቀኝ ነው መሰለኝ።»

«አዎ አባዬ» አልኳቸው።